ከአጥር ውጭ የተሰማ ጊታር

መስከረም ሃያ ሁለት ቀን ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ በዕለተ እሑድ፣ ክረምቱ ከጉራጌ ተራሮች ላይ ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም ነበር፤ ከወልቂጤ ወደ ግቤ በሚያወርደው አውራ ጎዳና ግራና ቀኝ ጭቃው አልደረቀም፤ ውኃ የሚጠብቁ ቢጫ ጀሪካኖች በየቦኖው ተሰልፈዋል፤ ለመስቀል ከአዲስ አበባ የገባውም ሰው ገና አልተመለሰምና ከተማይቱ በመኪናና በዘመድ ተጨናንቃለች። ባለፈው ነሐሴ ሱቆቿ ተዘግተው፣ ሰዉ ከቤቱ አልወጣም ብሎ የክልልነት ጥያቄውን በዝምታ ሲጠይቅ ሰንብቶ ነበር፤ እናም በዚያ ሰሞን በየሻይ ቤቱ የሚሰማው አንድ ቃል ነው፤ «ጉራጌ አንድ ነው!» ይባላል። ሙስሊሙ ከክርስቲያኑ፣ ደገኛው ከቆለኛው፣ የመስቃኑ ከቸሃው አንድ ነው። ይህ ታሪክ እዚያ «አንድ» በተባለው ቁጥር ውስጥ ሳይገቡ የቀሩ የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

በዚያ ቀን በከተማይቱ ዳርቻ ያለች አንዲት የወንጌል ማኅበር ታላቅ የዝማሬ ጉባኤ አዘጋጅታ ነበር። ወጣቶቹ «ኮንሰርት» ይሉታል፤ ሽማግሌዎቹ ቃሉ ስለማይጥማቸው «የአምልኮ ቀን» ብለው በሸራ አጽፈው በር ላይ ሰቅለዋል። ይህች ማኅበር ከአንድ ትንሽ ቤተ መንግሥት የማያንስ መዓርግ ነበራት፤ መጋቢ አላት፣ ወንጌላዊ አላት፣ ዲያቆናት፣ የመዘምራን አለቃና የድምፅ ኃላፊ አሏት፤ ከሁሉም በላይ ግን፣ መጋቢው ራሱ ቀና ብሎ የማያየው፣ የሽማግሌዎች ሰብሳቢ ገሠሠ ነበር። ገሠሠ የቸሃ ሰው ነው፤ የትልቅ አባወራ ልጅ፣ የብዙ መሬትና የብዙ ሱቅ ጌታ። ሲናገር ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም፤ የሚፈራውም ለዚሁ ነው። አንባቢ ይታገሠኝ፤ በአገራችን ልማድ አንቱ መባል የሚገባው እርሱ ነበር፤ እኔ ግን በዚህ ጽሑፍ አንቱታውን ለሌላ ሰው አስቀምጬዋለሁ።

የዕለቱ እንግዳ ከቡታጅራ የመጣችው ማዕዶት ነበረች። ማዕዶት ጊታርን እንደ ሌላው ሰው ደረቷ ላይ አቅፋ አትጫወትም፤ ጭኗ ላይ ታጋድመዋለች፤ በቀኝ እጇ ክሩን እየነካች፣ በግራ እጇ በያዘችው የአናጢ መሮ ጀርባ ክሩን ከላይ እስከ ታች ታንሸራትተዋለች። እንዲህ መጫወት የጀመረችው ወዳ አልነበረም። በልጅነቷ እምድብር ላይ አንድ ሰው የጣለውን ጊታር አባቷ አንሥተው፣ የተሰነጠቀ ሆዱን በሙጫ አጣብቀው ሰጧት፤ አንገቱ ግን ጎብጦ ነበርና ክሩ ከእንጨቱ ርቆ በጣት አልጫን አለ። እርሷም ከአባቷ የሥራ ዕቃ መሮ አንሥታ ክሩ ላይ ብታንሸራትት ጊታሩ ሰው ሆነ። የተቆራረጠ ድምፅ አልነበረም የሰጣት፤ ተያይዞ የሚወጣ፣ ሄዶ ሄዶ የሚሰበር፣ ሰው ሲያለቅስ የሚያወጣውን ድምፅ ነበር። አድጋ ቡታጅራ ስትገባ የዚያ ልጆች «አልቃሿ» አሏት። የመዘምራኑ አለቃ ነብዩ ደግሞ አንድ ቀን በስልኩ ከባሕር ማዶ ያሉ የጥቁሮችን ቤተ ክርስቲያን አሳያት፤ አንድ ሽማግሌ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ በጠርሙስ አንገት ሲያንሸራትት ምእመናኑ ቆመው ያነባሉ። «አየሽ፣ ብቻሽን አይደለሽም» አላት ነብዩ። እርሷም ከዚያች ቀን ጀምሮ ነብዩን ወደደችው።

ነብዩ የገሠሠ ልጅ ነው። ነገሩ ሁሉ የተጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ማዕዶት ወገን ልንገራችሁ። በዚያ አገር የጎጆ ምሰሶ የሚያቆሙት፣ እንጨት የሚጠርቡት፣ ቆዳ የሚያለፉት፣ ሸክላ የሚሠሩት ጥቂት ቤተሰቦች ናቸው፤ ያለ እነርሱ እጅ ቤት አይቆምም፤ ቤቱ ከቆመ በኋላ ግን ደጃፉን አይረግጡም። የእንሰት ማሳ ውስጥ እግራቸው ከገባ መሬቱ ይመክናል ይባል ነበር። የበሉበት ዕቃ ይሰበር ነበር፤ ስለዚህ ጨዋ የሆነ ባለሙያ የሰው ዕቃ እንዳያሰብር ድርሻውን በእንሰት ቅጠል፣ በውጭ፣ ተነጥሎ ይቀበላል። አገሩ የሚጠራቸውን ስም ገሠሠ ራሱ ይናገረዋልና እኔ አልቀድመውም። ዘመኑ ተለውጧል፣ ይህ ሁሉ ቀርቷል የሚል ሰው አይጠፋም፤ እስቲ ልጁን ይዳርና ያሳየን!

ማዕዶት ቡታጅራ ላይ ወገኗን ለማንም አልተናገረችም ነበር። ነብዩ ሊያገባት እንደሚፈልግ በነገረው ጊዜ ገሠሠ ጠርቶ «አባትሽ ምን ይሠራል?» ቢላት «አናጢ ነው፤ ቸሃ ነው ያለው» አለችው፤ አልዋሸችም። «መልካም! የጌታችንም አሳዳጊ አናጢ ነበር» ብሎ ፈገግ አለ። «እንግዲያስ ለመስቀሉ ጉባኤ ይምጣ፤ ዝማሬው ሲያልቅ መድረክ ላይ እጅሽን ይስጥ፤ እኔም እቀበላለሁ፤ ሕዝቡ ይመርቃችኋል።»

እንዲህ ሆኖ ነው፣ እናቷ ከሞተች ወዲህ ብቻቸውን የሚኖሩት አባቷ አቶ አለሙ በስልሳ ስምንት ዓመታቸው፣ የተዋሱትን ጥቁር ኮት ደርበው፣ ከእምድብር በሚኒባስ ወልቂጤ የገቡት። ማዕዶት መናኸሪያ ወርዳ ተቀበለቻቸው፤ ኮታቸውን አስተካከለች፤ በመንገድ ሁሉ ስታስጠናቸው ሄደች። «አባ፣ የየት ሰው ነህ ቢሉህ እምድብር ከተማ በል፤ መንደሩን አትጥራ። ሥራህን ቢሉህ አናጢ በል። ብዙ አትናገር።»

«እሺ ልጄ።»

«አንገትህን አትድፋ። ቀና በል።»

«እሺ። ነብዩ የሚሉት ልጅ ደግ ነው?»

«ደግ ነው አባ።»

«ተመስገን። ሌላ ምን አለኝ እኔ?» አሉ። እርሷም ግቢው ውስጥ ከእንግዶች መካከል ወንበር ሰጥታቸው፣ ድምፅ ልትሞክር ወደ አዳራሹ ሄደች። ሁሉን አስጠንታቸው ነበር፤ ሲበሉ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ግን ትዝ አላላትም፤ እርሷ ከረሳችው ስንት ዓመቷ!

ምሳ የቀረበው ከዝማሬው በፊት ነው። የመስቀል ሰሞን ነውና ክትፎ ተከትፏል፣ ቆጮው በየገበታው ተደርድሯል፤ ገሠሠም በትሕትናው እንዲነገርለት ሽርጥ ታጥቆ እንግዶቹን በእጁ ያስተናግድ ጀመር። ክትፎ የሞላ ጣባ ይዞ ከአቶ አለሙ ፊት ደረሰና «አባቴ፣ እንኳን ደህና መጡ፤ ይቀበሉኝ» አለ።

አቶ አለሙ ከወንበራቸው ብድግ አሉ። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዱ። ከኮታቸው ውስጥ፣ ጠዋት ከደጃቸው ቆርጠው አጥፈው የያዙትን የእንሰት ቅጠል አወጡና በሁለት መዳፋቸው ዘርግተው፣ ዝቅ ብለው፣ «እዚህ ላይ ያድርጉልኝ ጌታዬ፤ ዕቃዎን አላበላሽም» አሉ።

ያን ጣባ ከጭቃ ያበጀው የእርሳቸው ወገን እጅ ነበር። እርሳቸው ግን ይህን አላሰቡም፤ ያሰቡት ባለቤቱን ማክበር ነው፤ አባታቸው እንዳስተማሯቸው፣ በልጃቸው ደስታ ቀን ጨዋ ሆነው መታየት ነው። ቅጠሉን ዘርግተው ቀና ሲሉ የገሠሠን ፊት አዩ፤ ያን ጊዜ ያደረጉት ነገር ገባቸው።

«ከየት ነህ?» አለ ገሠሠ፤ አንቱታው ከአፉ ወድቋል።

«ከእምድብር... ከከተማው።»

«ማንን ብለህ መጣህ?»

«ማንንም። ዝማሬ አለ ሲሉ ሰምቼ ነው ጌታዬ።»

«ልጅ አለህ?»

አቶ አለሙ ወደ አዳራሹ አላዩም። «የለኝም» አሉ። «ልጅ አልሰጠኝም።»

ገሠሠ የሽማግሌውን እጅ አየ፤ ረጅሙን፣ ጫፉ ወደ ኋላ የሚቀለበሰውን አውራ ጣት አየ። እንዲህ ያለ አውራ ጣት ከማዕዶት በቀር በማንም ላይ አይቶ አያውቅም። ክትፎውን ቅጠሉ ላይ ገለበጠላቸውና አንድ ዲያቆን ጠርቶ በጆሮው ነገረው። ዲያቆኑም መጥቶ «አባቴ፣ ይቅርታ፣ ቦታው ሞልቷል» አላቸው፤ ሃያ የሚሆን ባዶ ወንበር ፊታቸው ተደርድሮ እያዩ። አቶ አለሙ «አዎ፣ ሞልቷል» ብለው ቅጠላቸውን እንደያዙ ከግቢው ወጡ።

ከመድረኩ ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ማዕዶት ክር ታጠብቃለች፤ ነብዩ ገመድ ይጠቀልላል። ገሠሠ ገብቶ በሩን ዘጋ፤ ሽርጡን ፈታና በጥንቃቄ አጠፈው።

«ማዕዶት፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በጌታ ፊት ነው የምትመልሺው። አሁን በቅጠል የሚበላ አንድ ፉጋ ከግቢዬ አስወጥቻለሁ። አባትሽ ነው?»

ክሩ ከእጇ አምልጦ ተወነጨፈ። ወደ ነብዩ አየች፤ ነብዩ ገመዱን ያያል።

«እኔ እንኳ ሰው አልንቅም፤ ሁላችንም በደሙ አንድ ነን» ሲል ቀጠለ ገሠሠ። «ነገር ግን ዘመድ አለኝ፣ አገር አለኝ። ስለዚህ ነገሩን ላቅልልሽ። ያ ሰውዬ አባትሽ ካልሆነ፣ አባትሽ ቀድሞ የሞተ ከሆነ፣ ምንም አልተበላሸም፤ ዛሬውኑ መድረክ ላይ እናንተን አቆምና የምናገረውን እናገራለሁ። አባትሽ ከሆነ ግን ሂጂና ተከተይው፤ ሚኒባስ ሳያመልጠው።»

«ነብዩ» አለች።

ነብዩ «አባቴ የሚልሽን...» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም።

አዳራሹ ውስጥ ሕዝቡ ማጨብጨብ ጀምሯል። ማዕዶት ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ከነብዩ ሌላ ማንንም ወዳ አታውቅም፤ አባቷን ደግሞ ታውቃቸዋለች፤ እርሳቸው ቢጠየቁ ምን እንደሚሉ ጠንቅቃ ታውቃለች። ማታ ስልክ ደውዬ እነግራቸዋለሁ፣ ይገባቸዋል፣ ይስቃሉ እንጂ አይቀየሙኝም ብላ ራሷን አታለለች።

«አባቴ ሞቷል» አለች።

«ነፍሱን ይማር» አለ ገሠሠ። በሩንም ከፈተላት።

ከአጥሩ ውጭ፣ አውራ ጎዳናው ዳር፣ ባጃጆች ተራ ይዘው ይቆማሉ። የመጀመሪያው ባለ ተራ ኡበይድ የሚባል የመስቃን ልጅ ነበር፤ ለእንግዶች ብሎ ከቡታጅራ መጥቶ የሚሠራ። ሽማግሌው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ያልተነካ ምግብ በቅጠል ይዘው ሲያያቸው «አባባ፣ አይገቡም እንዴ? ተጀመረ እኮ» አላቸው።

«እዚህም ይሰማል» አሉ አቶ አለሙ።

እውነታቸውን ነው። ገሠሠ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ ብሎ ሁለት ትላልቅ ሞንታርቦ አጥሩ ላይ አሰቅሎ ነበር። መጀመሪያ የኪቦርዱ ድምፅ መጣ፣ ቀጥሎ ከበሮው፤ ከዚያ ሁለቱም ዝም አሉና ጊታሩ ብቻውን ቀረ። ከታች ተነሣ፤ እየጎተተ፣ እየተንቀጠቀጠ ወጣ፤ የሚደርስ ሲመስል ተሰብሮ ተመለሰ። አዳራሹ ውስጥ ወሬ የያዙት ወደ መድረኩ ዞሩ። ከአዲስ አበባ የመጡት ነጋዴዎች መነጽራቸውን አወለቁ። ልጅ የሚያባብሉ እናቶች ልጁን ረስተው ራሳቸው ያነቡ ጀመር፤ አንዲት ባልቴት «ጌታዬ! ጌታዬ!» እያለች ወንበር ይዛ ወደቀች፤ እልልታው ጣራውን አንቀጠቀጠው። ስልክ ያለው ሁሉ ስልኩን ወደ ላይ አንሥቶ ይቀርጻል።

ማዕዶት የምትዘምረው ራሷ ያወጣችውን ነው፤ አዘማመሯም ግማሹን በአፏ ብላ ግማሹን ለጊታሩ መተው ነበር። «ስወድቅ ያነሣኝ፣ ስጠፋ የፈለገኝ፣ ማን ነው እርሱ?» ትላለች፤ ጊታሩ በሁለት ድምፅ «አባ» ብሎ ይመልሳል። ቡታጅራ ላይ መቶ ጊዜ ብላዋለች። በዚያ ቀን «ማን ነው እርሱ?» አለችና መሮውን ወደ ላይ ገፋች፤ ክሩ ጮኸ፤ የመጨረሻዋ ቦታ ላይ ግን እጇ አልደርስ አለ። ደገመች፤ እንደገና ከቃሉ በታች ቀረ። ሦስተኛ ጊዜ ስትሞክር ሕዝቡ አልቻለም፤ ከአምስት መቶ የማያንስ ሰው ቆሞ በአንድ አፍ ስለ እርሷ «አባ!» ብሎ ጮኸላት።

ድንጋዩ ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ «ወዬ» አሉ።

ኡበይድ ዞር አለ። «ምን አሉ አባባ?»

«ልጄ ናት» አሉ አቶ አለሙ፤ ፊታቸው በእንባ ርሷል፣ ጥርሳቸውም ይታያል። «የምትጫወተው ልጄ ናት። ዛሬ ትታጫለች። ለማንም አትንገር።»

«ወላሂ? የእርስዎ ልጅ? ታዲያ ለምን ውጭ ይቀመጣሉ! ይነሡ፣ እኔ አስገባዎታለሁ!» ብሎ ክንዳቸውን ያዘ።

«ተው ልጄ። ከገባሁ ይበላሻል። እዚሁ ሆኜ ስማቸውን ሲጠሩ ልስማ፤ ከዚያ እሄዳለሁ።»

ጊታሩ ዝም አለ፤ ጭብጨባው ለረጅም ጊዜ አላቆመም። በሞንታርቦው የገሠሠ ድምፅ መጣ፤ ለስላሳ፣ ያልተቻኮለ።

«ወገኖቼ፣ ዛሬ እሳት ወርዷል። አሜን?»

«አሜን!»

«ይህች እህታችን ማዕዶት እናትም አባትም የሌላት፣ ሁለቱንም ቀብራ ብቻዋን የቀረች ልጅ ናት።»

ኡበይድ የሽማግሌውን ክንድ እንደያዘ ቀረ።

«ይህንን ያህል ጸጋ የሰጣት አምላክ ለሌላ ለማንም ሊያካፍላት አልወደደም። ዛሬ ከመድረክ በፊት በፊቴ ቃል ገብታለች፤ ባል ሳታገባ፣ ቤት ሳትሠራ፣ ዘመኗን ሁሉ በዝማሬ ልታገለግል ራሷን ለይታለች። ልጄ ነብዩ በልቡ አስቧት ነበር፤ እርሱም ለጌታ ሲል በደስታ ለቋታል። አሜን በሉ!»

«አሜን!» አለ ሕዝቡ፤ እልልታው ከቀድሞው በረታ። ማዕዶት አፏን ከፈተች፤ ማይክራፎኑ ግን በገሠሠ እጅ ነበር። ወደ ነብዩ ዞረች፤ ነብዩ ከኪቦርዱ ጀርባ ቆሞ ከሁሉ ጋር ያጨበጭባል። ገሠሠ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ሲጸልይ ከሕዝቡ ማንም ያየው የለም እንጂ አንገቷን ወደ ታች ይጫነው ነበር። ድምፅዋን ፈለገ፤ ደሟን አልፈለገም፤ የፈለገውን አገኘ።

ከውጭ ኡበይድ ልጅ ለሞተበት የሚባለውን ያውቃል፤ አባት ለሞተበት የሚባለውንም ያውቃል፤ በሕይወት ቁጭ ብሎ ሞቱን ለሰማ ሰው ግን የሚባል ነገር ማንም አላስተማረውም። በመጨረሻ «አላህ ያጽናዎት አባባ» አለ።

አቶ አለሙ ኮታቸውን አራገፉ። «መናኸሪያ አድርሰኝ» አሉ። ባጃጁ ውስጥ ሆነው አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ፤ «ባል ሳታገባ ነው ያለው? እንዲያ ነው ያለው?» ኡበይድም ሞተሩ እንዳላሰማው ሆኖ ነዳ።

የዚያ ዓመት ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ወልቂጤ ሲጽፉ ስለ ክልል ጥያቄው፣ ስለ ተዘጉት ሱቆች፣ አንድነቱን ስለ መሰከረው ሕዝብ ይጽፋሉ፤ ሐሰት አይደለም። ማኅበሪቱም የራሷን ታሪክ ይዛለች፤ «መስከረም ሃያ ሁለት ቀን መንፈስ በኃይል ወረደ፤ ወላጅ አልባዋ እህት ራሷን ሰጠች» ትላለች። በየስልኩ የተቀረጸው ምስል ወጥቶ ብዙ ሰው አይቶታል፤ ከሥሩ «እንዴት ያለ ቅባት ነው!» ብለው የጻፉት ቁጥር የላቸውም፤ ጊታሩ ሦስት ጊዜ ከቃሉ በታች የቀረበትን ቦታ አሁን ብዙ ወጣቶች ሆን ብለው፣ ያው እንዲመስልላቸው፣ ይለማመዱታል። ነብዩ በጥር ሌላ አገባ። ማዕዶት ቡታጅራ ላይ ታገለግላለች፤ ስልክ ደውላ ለአባቷ ምን እንዳለቻቸው፣ እርሳቸውስ ስቀው እንደ ሆነ የጻፈ የለም።

አቶ አለሙ በተከታዩ ዓመት፣ በሐምሌ፣ አታት ሆስፒታል አርፈው ቸሃ ተቀበሩ። ወሬው ለማዕዶት የደረሳት እሑድ ጠዋት፣ ጉባኤ ልትገባ ስትል ነው። የሞተ አባት ሁለተኛ አይሞትም፤ ልሂድ ብትል ወዴት ትላለች? ላልቅስ ብትል ለማን ነው ትላለች? ጊታሯን ጭኗ ላይ አጋድማ ተቀመጠች፤ ምእመናኑም ከወልቂጤው ይበልጥ አለቀሱ፤ ያንንም ቀርጸው አስቀምጠውታል።